አራት ጣት አፈር

ሆርቴንሲያ ኡርያስ ከሰናፍጭ ጋር ትግል ከገጠመች አምስተኛ ወሯን ይዛለች። በቀን ስምንት ሰዓት ጎንበስ ብላ ስትነቅል ትውላለች፤ በሳምንቱ ተመልሶ ጉልበቷ ድረስ ቆሞ ይጠብቃታል።

"ይሄ እንደ ነገረኛ አማት ነው" ትላለች ለስራ ጓደኞቿ። "በፊት በር ስትሸኚያት በጓሮ ዞራ ገብታ ድስት ትከፍታለች።"

ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ቁመቷ አጠር፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ ስትቀልድ እንኳ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት፤ ቀልዱ የገባው ሰው ብቻውን ይስቃል። ሰራተኛው ሁሉ ስሟን አቆላምጦ፣ በአክብሮት ዶኛ ቴንቻ ይላታል። በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ከትውልድ አገሯ ከሚቾአካን ድንበር ተሻግራ መጥታ፣ ከሳንዲያጎ በስተሰሜን ባሉት የአበባ እርሻዎች ውስጥ ጽጌረዳ ስትቆርጥ አስራ ስምንት ዓመት ኖረች። እርሻዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ የጠፋ የዱር ቁጥቋጦ መልሶ የሚያበቅል አንድ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች።

ስራው እንዲህ ነው። አንድ የቤት ሰሪ ኩባንያ ካኛዳ ሴካ ከሚባለው ሸለቆ ወዲህ ያለውን፣ በቁጥቋጦ የተሸፈነውን ኮረብታ በየተራ ጠርጎ ሦስት መቶ ቤት ይሰራል። ፈቃድ የሰጠው መስሪያ ቤት ደግሞ "ያጠፋችሁትን ያህል ሌላ ቦታ አብቅሉ" ብሎታል። ሌላው ቦታ ከሸለቆው ማዶ ያለ፣ ድሮ ገብስ ይዘራበት የነበረ፣ አሁን ሰናፍጭ ብቻ የወረሰው ተዳፋት ነው። አስራ ስድስት ሄክታር። በአምስት ዓመት ውስጥ የአገሩ ቁጥቋጦ እዚያ ካልቆመ፣ የቀሩት ቤቶች አይሰሩም።

"እነሱ ይቀድዳሉ፣ እኛ እንጥፋለን" ይላሉ ሰራተኞቹ ውሃ ሲጠጡ። ቤቶቹን ይረግማሉ፣ ባለቤቶቹን ያማሉ። ሆርቴንሲያ ግን አብራ አትረግምም። ልጇ ያዲራ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር በሰው ጋራዥ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ከነዚያው ቤቶች አንዱን ለማግኘት ተመዝግባ ተራዋን ትጠብቃለች።

"እማዬ፣ አንቺ ቤቶቹ እንዳይሰሩ ትፈልጊያለሽ እንዴ?" ብላ ጠይቃታለች አንድ እሁድ።

"ማን አለ? ቤቱም ይሰራ፣ ኮረብታውም ይኑር። ሁለቱን አንድ ላይ መስራት ያቃተው ሰው ነው የሚያናድደኝ።"

ያቃታቸው ደግሞ እውነት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ድርጅቱ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ አስራ አንድ ሺህ ችግኝ አምጥቶ ተከለ። ክረምቱ ጥሩ ዝናብ ጣለ፤ ሁሉም ደስ አለው። በጋው ሲገባ ግን ከአስሩ ስምንቱ ቅጠሉ ቀልቶ ደረቀ። የድርጅቱ ባለቤት "ውሃ አነሰው" ብሎ ቦቴ መኪና አስመጣ። ውሃ ሲጨመርለት ጭራሽ ባሰበት።

ሆርቴንሲያ አንዱን ችግኝ ነቅላ ስሩን አየችው። ጥቁር ነው፤ በጣቷ ስትጨምቀው ቆዳው እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ተገፍፎ ወጣ። አሸተተችው። ይህን ሽታ ከአበባ እርሻው ታውቀዋለች። የድርጅቱ የዕፅዋት ባለሙያ ወደ ሆነችው ወደ ኖሪን ይዛው ሄደች። ኖሪን የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ናት፤ የማታውቀውን አላውቅም ለማለት የማታፍር፣ ለዚህም ሆርቴንሲያ የምትወዳት።

"ይሄ ጥም አይደለም" አለቻት። "ታሞ ነው የመጣው። ስር የሚያበሰብስ በሽታ ነው፤ ውሃ ስትጨምሪለት ይፋፋል።"

ኖሪን ናሙናውን ላቦራቶሪ ላከች። መልሱ ሲመጣ ሆርቴንሲያ ያለችው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ከየትኛውም ጣቢያ ችግኝ ማምጣት ቀረ። ግን በምን ይተካ? ዘር ገዝተው እንዳይዘሩ፣ የዚያ ኮረብታ ዘር የሚሸጥ የለም። አንድ ዓመት ባከነ፤ ተዳፋቱ ላይ ቢጫ የሰናፍጭ አበባ እንደ ሠርግ ቤት ደመቀ።

በሁለተኛው ዓመት የካቲት ላይ ሆርቴንሲያ ምሳዋን ልትበላ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ከጀርባዋ ዶዘሮች ለመኪና መንገድ ሲጠርጉ ከኮረብታው ላይ ገፍተው የጣሉት የአፈር ክምር አለ። ቶርቲያዋን፣ ያን የበቆሎ ቂጣ፣ ልትጎርስ ስትል ዓይኗ ክምሩ ላይ ወደቀ። አፈሩ ላይ አረንጓዴ ነገር ፈልቷል። ጠጋ ብላ በጉልበቷ ተንበረከከች። ሰናፍጭ አይደለም። እንደ መርፌ የቀጠነ ቅጠል ያለው የቻሚሶ ቡቃያ ነው፤ ያ ሰዉ ሁሉ ለማገዶ ብቻ የሚያውቀው የኮረብታው ቁጥቋጦ። አጠገቡ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ሲያድግ ሰማያዊ የሚያብበው አለ። ግንዱ ቀይ የሚሆነው ማንሳኒታም አለ። ማንም አልተከለውም፣ ማንም አላጠጣውም።

ቶርቲያውን ረስታው እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ከአስራ ሁለት ዓመት በፊት የደረሰባትን አስታወሰች። ያኔ ከባሏ ከኤፍራይን ጋር ኮረብታ ስር በቆርቆሮ ቤት ይኖሩ ነበር። እሳት መጣና ኮረብታውንም ቤቱንም በላው። በጸደይ፣ ከፍርስራሹ የተረፈ ነገር ካለ ብላ ስትመለስ፣ ያ ጥቁር ተዳፋት ቡቃያ ለብሶ ነበር። ያን ጊዜ ለቤቷ ስለምታለቅስ ብዙም አላሰበችበት። አሁን ገባት። ዘሩ አፈሩ ውስጥ ነበር። እነሱ በዚያ ማዶ ችግኝ ሲቀብሩ፣ ዶዘሩ እዚህ ኮረብታውን ከነልጆቹ ገፍቶ ይጥላል።

ከክምሩ አንድ ባልዲ አፈር ወሰደች፤ ከገብሱ ሜዳም አንድ ባልዲ። ቤቷ ወስዳ በሁለት የልብስ ማጠቢያ ሳፋዎች ዘርግታ ጓሮ አስቀመጠቻቸው።

ኤፍራይን በር ላይ ቆሞ አያት። ጉልበቱ ስለታመመ አቮካዶ ለቀማውን ትቶ ቤት ነው የሚውለው። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት የቃሪያ ተክል ትከይልኝ እልሻለሁ" አለ። "አሁን ባዶ አፈር ታጠጪያለሽ።"

"ታገስ። ቃሪያ ማንም ያበቅላል።"

ሚያዝያ ላይ ሳፋዎቹን ተሸክማ ስብሰባ ገባች። አልተጠራችም፤ ኖሪን ናት ይዛት የገባችው። ስብሰባው ስለ ሁለተኛው ዙር ጠረጋ ነበር፤ መስከረም ላይ የቀረው ኮረብታ ሊጠረግ ነው። ጠረጴዛው ጋ የድርጅቱ ባለቤት፣ ከጎኑ ደግሞ የቤት ሰሪው ኩባንያ የማሽኖች አለቃ ዌንደል ተቀምጠዋል። ዌንደል አንገቱን ፀሐይ ያቀላው ግዙፍ ሰው ነው፤ አርባ ዓመት ተራራ ሲያንቀሳቅስ የኖረ። ሆርቴንሲያ ሳፋዎቹን ካርታው ላይ አሳረፈቻቸው።

"ሰላጣ ነው?" አለ ዌንደል።

"ይሄኛው የኛ ሜዳ አፈር ነው፤ ሰናፍጭ ብቻ ነው ያለው። ይሄኛው አንተ ለመንገድ ስትጠርግ ገፍተህ የጣልከው ነው። እኩል ቀን፣ እኩል ውሃ ነው ያጠጣኋቸው። እዚህኛው ላይ አርባ ሰባት ቡቃያ ቆጥሬያለሁ። ዘጠኝ ዓይነት።"

የድርጅቱ ባለቤት ሳፋውን ትንሽ ገፋ አድርጎ ካርታውን አወጣ። "ዶኛ ቴንቻ፣ በጣም ጥሩ ነው። ግን የጸደቀው እቅድ ስለ አፈር አይናገርም። ደግሞ ያንን ሁሉ አፈር ሸለቆ ማሻገር ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። የእነ ዌንደልን ስራ ማስቆም አንችልም።"

"ቆይ እስቲ" አለ ዌንደል። ጎንበስ ብሎ ቡቃያዎቹን አየና በወፍራም ጣቱ አንዱን ነካ አደረገው። "የላይኛውን አፈር እኔ የግድ አነሳዋለሁ። ስርና ቅጠል ያለበት አፈር ላይ ቤት አይቆምም። አርባ ዓመት ሙሉ ጠርጌ ስጥል፣ የት ጣልከው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።" ቀና አለ። "የት ነው የምትፈልጊው?"

ሆርቴንሲያ ሳምንቱን ሙሉ ለክርክር ስትዘጋጅ ነው የከረመችው። ክርክሩ ግን አላስፈለገም። ቀኝ እጇን ብቻ ጠረጴዛው ላይ በጎን አቆመች።

"አራት ጣት ብቻ ነው የሚነሳው" አለች። "ከዚያ በታች ከወረድክ ዘሩ ከጠጠሩ ጋር ይቀበራል።"

"አራት ጣት? ሴትዮ፣ ያ ማሽን እኮ ጢም መላጫ አይደለም።"

"አትችልም ማለት ነው?"

የዌንደል አንገት ከነበረው የባሰ ቀላ። "አትችልም አላልኩም" አለ።

እቅዱን ለማስለወጥ ኖሪን አራት ወር ሙሉ ከመስሪያ ቤት መስሪያ ቤት ተመላለሰች። ፊርማው የተገኘው ጠረጋው ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው ነው።

መስከረም ላይ ዌንደል ማሽኑን ለሌላ ሰው አልሰጠም፤ ራሱ ወጣበት። ሆርቴንሲያ ከፊት ለፊቱ ራቅ ብላ እጇን አንስታ ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ ምላጩ ጠልቆ ገባና ከስር ቢጫ አፈር ወጣ። እጇን አወረደች። ሞተሩ ቆመ።

"ቢጫ አየሁ" አለችው።

"ቢጫ ብቻ ነው የምታይው? ያን ሁሉ ጥሩውን አላየሽም?" እያለ አጉረመረመና ምላጩን ከፍ አደረገ። እኩለ ቀን ሲሆን አፈሩን እንደ ቂጣ እየገለበጠ ማንሳት ቻለ። ወርዶ ጥልቀቱን በእጁ ለካ።

"የማን አራት ጣት ነው? የኔ ወይስ ያንቺ?"

"የኔ ነዋ። ያንተማ ቋሊማ ነው።"

ከት ብሎ ሳቀ። ሹፌሮቹ አለቃቸው በስራ ሰዓት ሲስቅ አይተው ስለማያውቁ እርስ በርስ ተያዩ። አፈሩን የጫኑ ገልባጭ መኪኖች አስራ አንድ ቀን ሙሉ ሸለቆውን ሲሻገሩ ሰነበቱ። ማዶ ሰናፍጩን ከስሩ ነቅለው ባጸዱት ተዳፋት ላይ አፈሩን ዘረጉት።

የቀረው እሳት ነው። ክምሩና ሳፋው ላይ የበቀለው ጥቂቱ ነው፤ ከነዚያ ዘሮች ብዙዎቹ እሳት ካላለፈባቸው አይነቁም፤ ኮረብታውን ማቃጠል ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ኖሪን በሌላ አገር ጭስ የጠጣ ውሃ እንደሚረጩ ማንበቧን ነገረቻት። ሆርቴንሲያ ቤቷ ሄዳ የኤፍራይንን የሥጋ መጥበሻ በርሜል ለረጅም ጊዜ አየችው።

"እንዳታስቢው" አለ ኤፍራይን።

ቅዳሜ ቀትር ላይ በርሜሉ ውስጥ የቻሚሶ ቅርንጫፍ ይጨስ ነበር። ከክዳኑ የወጣ ቧንቧ ጭሱን ከጎኑ ወዳለ ሰማያዊ የውሃ በርሜል ይወስደዋል፤ ኤፍራይን በብስክሌት ጎማ መንፊያ እየነፋ ይገፋዋል። ውሃው ቀስ በቀስ የሻይ መልክ ያዘ። እንዲህ ሆኖ ሳለ የእሳት አደጋ መኪና በራቸው ላይ ቆመ። አለቃው፣ ሽበት የጀመረው ረጅም ሰው፣ ጓሮ ገባ።

"ጎረቤት ደውሎ ነው" አለ። "ምን እየጠበሳችሁ ነው?"

"ውሃ" አለ ኤፍራይን።

"ውሃ?"

"ሚስቴን ጠይቃት። እኔማ ሥጋ ብዬ ነበር።"

ሆርቴንሲያ አስረዳችው። ሰውዬው ክዳኑን አነሳ፣ ቧንቧውን ተከትሎ ሄደ፣ ውሃውን አሸተተ። ሃያ ዓመት በነዚያ ኮረብታዎች ላይ እሳት ሲያጠፋ የኖረ ሰው ነው።

"እሳቱ መጥቶ አለፈ ብላችሁ ዘሮቹን ልታታልሏቸው ነው ማለት ነው" አለ።

"እሳቱ ሳይመጣ" አለች ሆርቴንሲያ።

አለቃው ክዳኑን መልሶ ገጠመ። "ክዳኑ እስከተዘጋ ድረስ ይሄ የሥጋ መጥበሻ ነው። ውሃ መጥበስ የሚከለክል ሕግ ደግሞ አላውቅም። ዙሪያውን ያለውን ደረቅ ቅጠል ጥረጉት፤ የውሃ ጎማው ከእጃችሁ አይራቅ።" በሚቀጥለው ቅዳሜ በራሱ መኪና መጣ። ከኋላ የቻሚሶ ቅርንጫፍ ሞልቶ ጭኗል፤ ከቤቶች ዙሪያ ለእሳት መከላከያ የተመነጠረ ነው።

ኅዳር ላይ ውሃውን አዲሱ አፈር ላይ ረጩት። በዚያ አገር ዝናብ የሚጥለው በነዚህ ወራት ነውና ሁሉም ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። ኅዳር አለፈ፣ ዝናብ የለም። ታኅሣሥ አለፈ። ጥር ሊያልቅ ሆነ። ተዳፋቱ እንደ አውድማ ተላጭቶ ቀረ። ከመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ያዲራ ተራዋ ደርሶ ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች አንዱን አግኝታ ነበር፤ የማድ ቤቷ መስኮት ፊት ለፊት ወደ ተዳፋቱ ነው።

"ጎረቤቶቼ ማነው እንዲህ ያራቆተው ይላሉ" አለቻት። "እናቴ ናት ልበላቸው?"

"በያቸው። ስሜን አስተካክለሽ ጥሪ።"

በልጇ ፊት እንዲህ ትበል እንጂ ማታ ማታ ራሷን ትጠይቅ ነበር። ሰናፍጭ ሲነቅል የኖረ እጅ ምን አስደፍሮት ነው ስልሳ ቶን ማሽን ያዘዘው? የድርጅቱ ባለቤት ተዳፋቱን ዞሮ አየና ከሌላ አገር የመጣ፣ ቶሎ አረንጓዴ የሚሆን ቁጥቋጦ እንትከል አለ። ለተቆጣጣሪዎቹ አረንጓዴ ከታየ ይበቃል ባይ ነው።

"አንድ ዝናብ" አለች ሆርቴንሲያ። "አንድ ዝናብ ስጠኝ። ካልሆነ ራሴ እተክልልሃለሁ።"

ዝናቡ በጥር መጨረሻ መጣ። ሦስት ቀን ዘነበ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም፤ በሁለተኛውም ምንም። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ተዳፋቱ ላይ ስትወጣ ፀሐይዋ ከጎን እየመጣች ነበርና መሬቱ ላይ ስስ አረንጓዴ ጭጋግ ያረፈ መሰላት። ተንበረከከች። ጭጋግ አይደለም። መነጽሯን አድርጋ እንደገና አየች። ከዚያ አፈሩ ላይ ቁጭ ብላ ለኖሪን ደወለች።

"ነይ" አለቻት። "እግርሽን እያየሽ ነይ፤ መርገጫ የለም።"

ኖሪን በሆዷ ተኝታ ቆጠረች። በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ ላይ ስልሳ ሁለት ቡቃያ። ሌላ ቦታ ሄደው ቆጠሩ፤ ሃምሳ ስምንት። ሌላ ቦታ ሰባ አንድ። ኖሪን ቀና ስትል ጉንጯ ላይ አፈር ተለጥፏል፤ ዓይኗ እርጥብ ነው።

"ዶኛ ቴንቻ፣ ይሄን በትምህርት ቤት አላስተማሩኝም።"

"ኧረ እኔንም ማንም አላስተማረኝ። ተነሺ፣ ሸሚዝሽ ረጠበ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ዓመት የጉልበት ነው። ሰናፍጩ አለቀቃቸውም። ሆርቴንሲያ ግን አሁን የቡድኑ አለቃ ሆናለች፤ ለአዲስ ሰራተኛ የምትሰጠው ትምህርት አንድ ነው፤ ያላወቅከውን አትንቀል፣ ጠይቀኝ። በሁለተኛው ጸደይ ተዳፋቱ በሐምራዊና በብርቱካንማ አበባ ተሸፈነ፤ የያዲራ ጎረቤቶች መኪና አቁመው ፎቶ ያነሱ ጀመር። በዚያው ጸደይ ቁጥቋጦው ጉልበት ደረሰ። በአምስተኛው ዓመት የቁጥጥሩ ቀን ሲመጣ ሆርቴንሲያ ደረት ድረስ ነበር።

ከመስሪያ ቤቱ ሦስት ሰዎች መጡ። አለቃቸው አጉሊ መነጽር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ነጭ ጸጉር ያላት ሴት ናት። ረጅም ሜትር ዘርግተው በየግማሽ እርምጃው ሜትሩ የነካውን ተክል ስም ይጠሩ ጀመር። "ቻሚሶ። ቻሚሶ። ማንሳኒታ። ባዶ መሬት። ቻሚሶ።" የድርጅቱ ባለቤት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ላብ በላብ ሆኗል። ሆርቴንሲያ ጥላ ስር ቆማ ብርቱካን ትልጣለች። ከመቶው ስልሳው በአገሩ ቁጥቋጦ ተሸፍኖ ከተገኘ ያልፋሉ።

በመካከሉ ሴትዮዋ እጇን አነሳች። ከቁጥቋጦው ውስጥ የወፍ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ከዚያ እየፈጠነ፣ ኳስ ደረጃ ላይ ሲነጥር እንደሚሰማው። ትንሽ ቡናማ ወፍ ናት። ባዶ መሬት መሻገር የምትፈራ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ ቁጥቋጦ ዙሪያ የምትኖር። እሷ ያለችበት ቦታ ድፍን ነው፣ ቀዳዳ የለውም።

"ይቺ ሸለቆውን ማን አሻገራት?" አለች ሴትዮዋ በሹክሹክታ።

"ቤቷን አይታ ነው የመጣችው" አለች ሆርቴንሲያ። "እኛ አልጠራናትም።"

ሰማንያ አንድ ሆነ። ሰናፍጩ ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞላም። ሴትዮዋ ወረቀቱን የመኪናው ኮፈን ላይ አድርጋ ፈረመችና የአፈሩን ሃሳብ ማን እንዳመጣው ጠየቀች። ባለቤቱ አፉን ከፈተ፤ ኖሪን ግን ቀድማ በጣቷ ወደ ሆርቴንሲያ አመለከተች።

"ከየት አገኙት?"

"ሰናፍጭ ስነቅል። ጎንበስ ያለ ሰው ብዙ ያያል።"

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሰራተኛው ሁሉ እነ ኤፍራይን ጓሮ ተሰበሰበ፤ ሥጋ ተጠበሰ፤ ዌንደልም የእሳት አደጋው አለቃም መጡ። ሆርቴንሲያ ሁለት ጊዜ ጨፈረች፤ ሁለተኛውን ከዌንደል ጋር፣ እግሯን ረግጧት።

በዓመቱ በጋ ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

"እኔ ነኝ" አለ ዌንደል። "ሁለት ሰዓት ርቀት ላይ ነኝ፤ አዲስ ኮረብታ፣ መቶ ሄክታር። እቅዱ ላይ ስምሽን ጽፈውታል። አስራ አራት ማሽን አሰልፌ ሞተር አላስነሳሁም። መቼ ትመጪያለሽ?"

"ቁርሴን በልቼ።"

ስትደርስ ሹፌሮቹ በየማሽኖቻቸው አጠገብ ቆመው ነበር። ቢሮውን አልፋ፣ ካርታውን ሳትጠይቅ፣ በቀጥታ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባች። ዌንደል ተከተላት፤ አብራት የመጣችው ኖሪንም ተከተለች፤ ሹፌሮቹም አንድ ሁለት እያሉ ተከተሉ። ከአንድ ወፍራም ማንሳኒታ ስር ቁጭ ብላ የወደቀውን ቅጠል ገለጥ አደረገች፣ አፈሩን ዘገነች፣ በመዳፏ ላይ ዘርግታ ለሁሉም አሳየቻቸው። ጥቁር ነው፤ በመካከሉ ቀያይ ዘሮች ይታያሉ።

"ኑ፣ ጠጋ በሉ" አለቻቸው። "ይሄን ሳታዩ ማሽን የሚነካ የለም።"

አስራ አራቱም ሹፌሮች ባርኔጣቸውን አውልቀው ዙሪያዋን ተንበረከኩ።